አመሉ ያልተነገረ ባትሪ

ሚስቴ ዛሬም ድረስ ስትቆጣ «ሂድና ከባትሪህ ጋር ኑር» ትለኛለች። ነገሩን የማያውቅ ሰው ሲሰማ ግራ ይገባዋል። አንድ ጎረቤታችን እንዲያውም ለብቻዬ ጠብቆ «መምህር፣ ይቺ ባትሪ የሚሏት ማን ናት?» ብሎ ጠይቆኛል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። ያኔም ሌሎች ፈርደውልኝ ነበር፤ ፍርዱ ምን እንዳመጣብኝ ታዩታላችሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ላሊበላ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ፤ በከተማው ውስጥ የግል መኪና የነበረኝም እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን የምለው ልኮራ አይደለም፤ እንድታዝኑልኝ ነው። መኪናዋን የተውልኝ ከአብዮቱ በፊት አገር ሊጎበኝ የመጣ አንድ ጣሊያን ነው። ቁልቁለቱን እንደምንም ወርዳ ላሊበላ ገባች፤ ዳገቱን ግን ወጥታ መመለስ አቃታት። እኔ በየቤተ ክርስቲያኑ እየዞርኩ ሳስተረጉምለት ሰንብቼ ስለነበር፣ የመሄጃው ቀን ሲደርስ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠና በአውሮፕላን ሄደ። ሲሄድ ይስቅ ነበር። ለምን እንደሳቀ የገባኝ ቆይቶ ነው።

መኪናዋ ቀይ ናት። ጣሪያ የላትም። ወንበሯ ሁለት ብቻ ነው። የተሠራችው ለውድድር ነው አሉ፤ ከማን ጋር እንደምትወዳደር ግን የነገረኝ የለም። ላስታ ላይ ድንጋዩን እየዞረች፣ ቦዩን እየፈራች ስትሄድ ጤፍ የጫነች አህያ ቀድማት ታልፋለች። ሆዷ መሬት ስለሚነካ ሕዝቡ «እንቁራሪት» ብሎ ስም አወጣላት። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አንድ ጊዜ ትርፍ ሀብት ናት ብለው ሊወርሷት መጥተው ነበር። ሊገቡባት ሲያጎነብሱ ኮፍያቸው ወደቀ፤ ሲቀመጡ ጉልበታቸው መሪው ሥር ተቀረቀረ፤ ሁለት ሚሊሺያ ጎትቶ አወጣቸው። «ትቅር፣ ለሰፊው ሕዝብ ጠባብ ናት» አሉና ትተውልኝ ሄዱ። ቢወርሱልኝ ኖሮ ይሄን ሁሉ ባልጻፍኩ።

አንድ ዓመት ክረምቱን ሙሉ ሳላንቀሳቅሳት ቆመች። በኅዳር ሸራዋን ገልጬ ቁልፉን ባዞረው «ቀጭ» አለች። ደግሜ ባዞረው ቀጭም አላለች። ተማሪዎቼ ከትምህርት ቤቱ እስከ ገበያው ገፏት፤ ከገበያው እስከ ትምህርት ቤቱ መልሰው ገፏት፤ ወይ ፍንክች። ባትሪው ጭልጥ ብሎ ሞቷል፤ እንዲህ የሞተ ባትሪ የያዘች መኪና ደግሞ እስከ ወልድያ ቢገፏት አትነሳም። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሸራዋን መልሼ አልብሻት ወደ ክፍሌ እገባ ነበር። በዚያ ዓመት ግን አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ጥሩወርቅ ነበረች።

ጥሩወርቅ የብልባላ ልጅ ናት። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እዚያ ሄጄ ሳስተምር፣ ሰሌዳ ላይ አንድ ፊደል ገድፌ ብጽፍ ከኋላ ተነሥታ ያረመችኝ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ እሷ ዘንድ ቀረ። ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ አያ ቢተው ጥሎሽ አልጠየቁ፣ መሬት አልጠየቁ። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ ከደጄ ስትወጣ በመኪና ትውጣ።» ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከአጥራቸው ወዲያ ያለው ጎረቤታቸው ልጁን ለአንድ የአውራጃ ሹም ድሮ፣ ሙሽራይቱ በላንድሮቨር ወጥታለች። የላንድሮቨሩ አቧራ አጥር ተሻግሮ አያ ቢተው የያዙት ጠላ ውስጥ ገባ። ያን ጠላ ጠጥተውታል፤ አቧራው ግን እስከዛሬ ከጉሮሯቸው አልወረደም።

«ደግሞ» አሉ ለሽማግሎቹ፣ «የሚገፏት መኪና እንዳታመጡብኝ። ልጄን እየገፉ አይወስዷትም። ራሷ ትነሣና ትሂድ። በበቅሎ ለመውሰድማ የብልባላ ገበሬም በቅሎ አለው።»

የመጨረሻዋ ቃል ለእኔ ነበረች። እውነትም ባለ በቅሎ ጠያቂ ነበር። መኪና ከሌለ ጥሩወርቅ የለችም ማለት ነው። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

የሽማግሎቼ አለቃ የእናቴ ወንድም አያ ደሱ ናቸው። መኪናዋ ራሷ ተነሥታ እንደምትሄድ የማሉት እሳቸው ናቸው። አያ ደሱ ከፍላቂት እስከ ብልባላ የታወቁ በቅሎ አዋቂ ናቸው፤ በእሳቸው ዐይን ሳይታይ የሚሸጥ በቅሎ የለም። እንግዲህ ጋሸና ሄጄ ባትሪ ልገዛ እንደሆነ ስነግራቸው ሸማቸውን አጣፉና ተነሡ።

«አንተ መምህር ነህ፤ መግዛት አታውቅም። ያለ አዋቂ ገበያ የወጣ ለቅሶ ይዞ ይመለሳል።»

«አያ ደሱ፣ ባትሪ እኮ ነው።»

«ይሸጣል አይደል? የሚሸጥ ነገር ሁሉ አንድ ነው።»

እዚህ ላይ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን የእናት ወንድም ነው፤ የሽማግሌ አለቃ ነው፤ ዋናው ደግሞ ከጋሸና መመለሻ የምትሆነን በቅሎ የእሳቸው ናት። ሸጌ ትባላለች። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተን እሳቸው በሸጌ፣ እኔ በእግሬ ወጣን።

ጋሸና መንገድ የሚገናኝባት፣ የጭነት መኪና የሚያድርባት ከተማ ናት። ሰይድ የሚባል የጎማና የባትሪ ነጋዴ አለ፤ ደግና ሳቂታ ሰው ነው። ሦስት ባትሪ አወጣልን። እኔ የመኪናዋን የባትሪ ጉድጓድ በሲባጎ ለክቼ ይዤ ነበር፤ መምህር አይደለሁ። ሲባጎዬን ይዤ ጎንበስ ስል አያ ደሱ በክንዳቸው ገፋ አደረጉኝና ባትሪዎቹን ይዞሯቸው ጀመር። በስተግራ ዞሩ። በስተቀኝ ዞሩ። ራቅ ብለው ቆመው ዐይናቸውን አጥብበው አዩ።

የመጀመሪያው አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። «ይሄ አይሆንም» አሉ።

«ለምን?»

«በዝቶበታል። ቅቤ ተቀብታ ያማረች በቅሎ ገዝቼ አውቃለሁ። ዝናብ ሲመታት ገጣባዋ ወጣ።»

ሁለተኛው የከባድ መኪና ባትሪ ነው፤ የልብስ ሣጥን ያህላል። ሲባጎዬ ግማሹን እንኳ አልለካም። ሦስተኛው ትንሽ፣ ጥቁር፣ ብዙም ያልተሠራበት ነው። ሲባጎዬን ጣል ባደርግበት ልክክ አለ። ደስ አለኝ። «ይሄ ነው፣ በቃ ይሄ ነው» አልኩ። አያ ደሱ በጣም ከፋቸው፤ ገዥ በሻጭ ፊት ደስታውን አያሳይም።

«ክፈተው» አሉት ሰይድን። ሰይድ ክዳኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። አያ ደሱ ተንበርክከው ወደ ውስጥ አዩ። «ስድስት አፍ አለው» አሉ በመጨረሻ። «ጥርስ ግን የለውም። ጥርስ የሌለውን ነገር ዕድሜውን በምን ታውቃለህ?»

«ኧረ አያ ደሱ!» አልኩ።

«ዝም በል። አመሉን ይንገረን።»

የሩቅ ሰው ከሆናችሁ ይህን ላስረዳችሁ። በእኛ አገር ከብት የሚሸጥ ሰው የከብቱን አመል መናገር አለበት። ይራገጣል ወይ፣ ይነክሳል ወይ፣ ሲጫን ይተኛል ወይ፣ አንድ በአንድ ይጠየቃል። ነግሮ ከሸጠ ሸጠ፤ ገዥው ዐይኑ እያየ ገባበት። አንድ አመል ሸሽጎ ከሸጠ ግን ሽማግሌ ተቀምጦ ከብቱን ያስመልሳል። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፣ ሕጉን ያውቃል። ቢሆንም በባትሪ ተጠይቆ አያውቅም ነበርና መጀመሪያ ሳቀ። የአያ ደሱን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠ።

«ወላሂ ልንገራችሁ፣ አያ ደሱ። ሁለት አመል አለው። አንደኛ ውሃ ይጠማዋል። ሁለተኛ ብርድ አይወድም፤ በብርድ ጊዜ ይሰንፋል።»

«ይራገጣል?»

«አይራገጥም።»

«ይነክሳል?»

«ምን አፍ አለውና ይነክሳል!»

«ስድስት ቆጥሬበታለሁ።»

«አብሽሩ፣ አይነክስም» አለ ሰይድ። ሻይ ቤት ተቀምጦ የነበረ አንድ ሾፌር ዋስ ሆነ። ተመራረቅን፣ ገዛን። ያን ጊዜ ልቤ እንዴት ጮቤ እንደረገጠ! ጥሩወርቅን ሸጌ ላይ የጫንኳት ነው የመሰለኝ።

ወደ ላሊበላ የሚወርድ የጭነት መኪና አጣን። ባትሪውን አያ ደሱ ኮርቻቸው ላይ ከፊታቸው አስቀመጡት። በመንገዳችን ነፋስ አለ፤ የላስታን የታኅሣሥ ነፋስ ታውቁታላችሁ። ትንሽ እንደሄድን አያ ደሱ ቆሙ። ጋቢያቸውን አወለቁ። ለሠርጌ እንዲሆናቸው ባለቤታቸው ከርመው የፈተሉት አዲስ ጋቢ ነው። ባትሪውን በጋቢው ጠቅለል አድርገው ሆዳቸው ላይ አቀፉት።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ብርድ አይወድም አላለም?»

«አያ ደሱ፣ ይህ እኮ—»

«አመሉ ተነግሮኝ ብበድለው ጥፋቱ የእኔ ነው።»

በዚህ ብቻ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ወንዝ በደረስን ቁጥር «ውሃ እናጠጣው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ተጣርቶ የተዘጋጀ ውሃ እንጂ የወንዝ ውሃ እንደማይሰጠው፣ ያለውም እንደሚበቃው አስረዳለሁ። ያዳምጡኛል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ የሚቀጥለው ወንዝ ላይ ያንኑ ይላሉ። በመጨረሻ እኔ ለራሴ ጉዳይ ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ ዞር ብዬ ስመለስ አያ ደሱ ወንዙ ዳር በቅሏቸውን ይዘው ፈገግ ብለዋል። ሸጌ ጠጥታለች። እሱም ጠጥቷል። ስድስቱም አፉ እስኪገነፍል ሞልቶ፣ ክዳኑ በላዩ ላይ ጣል ጣል ተደርጎበታል።

«በልቡ ተጠምቶ ነበር» አሉኝ። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የጣሊያኑ ሳቅ በጆሮዬ ደወለ።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ሸጌ ስትረግጥ ባትሪው ይወዛወዛል፤ ሲወዛወዝ ጠብ ይላል። አያ ደሱ ሙቀት ተሰምቷቸው «ይኸው ሞቀው» እያሉ ይደሰታሉ። መንገድ ላይ ዘመድ ቤት አደርን። በማግስቱ ሲነጋ አያ ደሱ ጋቢያቸውን ይዘው ደጅ ወጡና ሊያራግፉት ወዘወዙት። ግማሹ እጃቸው ላይ ቀረ፤ ግማሹ እንደ ገለባ በነነ። ሱሪያቸውንም ጎንበስ ብለው አዩት። ሱሪው ጉልበትና ጉልበት ነው የቀረው፤ መሀሉ ወንፊት ሆኗል። ደግነቱ ሥጋቸውን አልነካቸውም።

ጣታቸውን በአንዱ ቀዳዳ አሾለኩ። ከዚያ ቀስ ብለው «ነክሷል» አሉ።

«አሲድ ነው እኮ! ውስጡ አሲድ አለ፤ እርስዎ ውሃ ሞሉበት፣ ፈሰሰ!»

«መምህር፣ አሲድ የምትለው ያው ጥርሱ ነው። አመሉ አልተነገረንም።»

«ምን ይደረግ ታዲያ?»

«ምን ይደረጋል፣ ይመለሳል እንጂ።»

ለመንኳቸው። ጋቢ እንደምገዛላቸው ማልኩ። ለሠርጉ የቀረን ጊዜ ትንሽ መሆኑን፣ ይህ ባትሪ ልክክ የሚል መሆኑን ነግሬ ሲባጎውን ጭምር አውጥቼ አሳየኋቸው። አልሰሙኝም ማለት አልችልም፤ ሰምተውኝ አዘኑልኝ። «ለጋቢው አይደለም» አሉ። «ዛሬ ዝም ካልነው ነገ ሰው ሁሉ የሚነክስ እየሸሸገ ይሸጣል። አገር ይበላሻል።» በእኔ ሠርግ አገር ሊያቀኑ! ይባስ ብለው፣ እስኪፈረድ ድረስ ባትሪውን እንዳልነካው ከለከሉኝ። ክስ የተነሣበትን በቅሎ የጫነ ሰው ክሱን አፍርሶታል ነው ሕጉ። ስለዚህ ላሊበላ እንደደረስን ባትሪው የሽማግሌ ሰብሳቢ በሆኑት በመሪጌታ ቤት ጎተራ ውስጥ ታሰረ። መኪናዬ ደጅ፣ ባትሪዬ እስር ቤት፣ እኔ በሁለቱ መካከል።

ሰይድ ለቅዳሜ ገበያ ጎማ ይዞ ሲመጣ ገበያው ዳር ካለው ወይራ ሥር ሽማግሌ ተቀመጠ። አያ ደሱ የተረፈውን ጋቢ ዘረጉ። ሕዝቡ «እግዚኦ፣ ምን አውሬ ቢሆን ነው» እያለ ከበበን። ሰይድ ድርቅ ብሎ ተከራከረ።

«አባቶቼ፣ እኔ ውሃ ይጠማዋል አልኩ እንጂ አስከሩት አላልኩም።»

«የሚጠማውን ከብት ወንዝ ዳር አለማጠጣት ኃጢአት ነው» አሉ አያ ደሱ።

«ብርድ አይወድም አልኩ እንጂ እቀፉት አላልኩም።»

«በምን ላሙቀው ታዲያ፣ እሳት ላንድድበት?»

መሪጌታ ሁለቱንም ዝም አሰኙና ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ እውነቱን መስክር።» ደስ አለኝ። ሳይንስ ነገሩን ሊፈታው ነው ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ያ ጋቢውን የበላው ነገር ከባትሪው ውስጥ የወጣ ነው ወይስ ከውጭ የመጣ?» አሉኝ።

«ከውስጡ የወጣ ነው፣ ግን—»

«ስትገዙት ውስጡ ነበረ?»

«ነበረ፣ ያለዚያማ ባትሪ አይሆንም፣ ነገር ግን—»

«ጋቢ ይበላል?»

«ይበላል።»

«ሥጋስ ቢያገኝ?»

«እሱማ… ያቃጥላል።»

«እግዜር ይስጥህ፣ ተቀመጥ» አሉኝ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይሉ የለ፤ የባትሪውን አያያዝ አያ ደሱ፣ አነጋገሩን እኔ አበላሸነው። ሽማግሎቹ ጥቂት ተንሾካሾኩና ፈረዱ። ሰይድ የሚነክሰውን ይውሰድ፣ በምትኩ የማይነክስ ይስጥ።

ተነሥቼ ጮህሁ። «አባቶቼ፣ የማይነክስ ባትሪ በዓለም ላይ የለም! እኔ የምፈልገው የሚነክሰውን ነው! ያንኑ ስጡኝ!» ሕዝቡ በሐዘን አየኝ። መሪጌታ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው «ልጄ፣ ሠርግ ሲደርስ እንዲህ ያደርጋል» አሉ። በሽማግሌ የተመለሰን ከብት መልሶ መግዛት ደግሞ ሽማግሌ መስደብ ነው። ሰይድም ቢሆን በስድስት ምስክር ፊት ነካሽ የተባለ ባትሪ መልሶ ሊሸጥልኝ አልደፈረም። ዐይኔ እያየ፣ ያ ልክክ የሚለው ባትሪዬ ሰይድ በመጣበት የጭነት መኪና ላይ ተጫነ።

በምትኩ የመጣልኝ ያ የልብስ ሣጥን የሚያህለው ነበር። ያብረቀርቅ የነበረውን ሌላ ሰው ገዝቶታል። አያ ደሱ በትልቁ ክዳኖች ላይ እጃቸውን አሳለፉ፤ ጥብቅ ብለው ተከድነዋል። ገፋ አደረጉት፣ አልተነቃነቀም። «ይሄ ጨዋ ነው» አሉ። «መጀመሪያውኑ ይሄን ማለት ነበረብን። አንተ በሲባጎህ አሳሳትከን።»

ጨዋው ባትሪ ጉድጓዱ ውስጥ አልገባም። ከኮፈኑ ሥርም አልገባም። ከወንበሩ ኋላ ቦታ የለም። ዕቃ ማስቀመጫ የሚባለው ቀዳዳ ሁለት ዳቦ አይዝም። በመጨረሻ ረጅም ኬብል ፈልጌ ቀጠልኩና ከእኔ ወንበር ጎን ባለው ወንበር ላይ በገመድ አሰርኩት። ቁልፉን ሳዞረው እንቁራሪቷ በአንድ ጊዜ ተነሥታ አገሩን አናወጠችው። ከደስታዬ ብዛት ወንበሩ የማን እንደነበረ ረሳሁት።

ያስታወሱኝ አያ ቢተው ናቸው።

የሠርጉ ዕለት ወደ ብልባላ ወጣን። ሚዜዎቼ በበቅሎ ስለነበሩ ቀድመውኝ ደረሱ፤ ከእኔ ጋር እኩል ይሄዱ የነበሩት አያ ደሱና ሸጌ ብቻ ናቸው። ደጁ ላይ ስደርስ እልልታው ቀለጠ። ጎረቤትየው አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያይ አያ ቢተው በዐይናቸው ጠቀሱት፤ የአቧራው ዕዳ የተከፈለ መሰለ። ከዚያ ቀረብ ብለው መኪናዋን አዩ። ዐይናቸው ወንበሩ ላይ ቀረ።

«ይሄ ማነው?»

«ባትሪ ነው፣ አባቴ።»

«ልጄ የት ነው የምትቀመጠው?»

ሞተሩ ብቻ ያጉረመርማል።

«በልጄ ቦታ ሌላ አስቀምጠህ ነው ልጄን ልትወስድ የመጣኸው?» አሉ። እልልታው ቆመ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። እኔ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ በቃል አይነገርም። ጥሩወርቅን ያጣኋት መሰለኝ፤ ጣሊያኑን፣ ሰይድን፣ ሽማግሎቹን፣ ሲባጎዬን ሁሉ ረገምኩ።

አያ ደሱ ከሸጌ ወረዱ። «ከተነሣች ወዲያ ባትሪውን ትፈልገዋለች?» ብለው በጆሮዬ ጠየቁኝ። አስቤ አስቤ፣ ሞተሩ አንዴ ከተነሣ ዲናሞው ራሱን ችሎ ሊያስኬደው ይችል ይሆናል አልኩ። «እንግዲያ እንግዳው ይውረድ» አሉ። ሞተሩ ሳይጠፋ ኬብሉን ፈታን፤ ባትሪውን ለአራት ተሸክመን ሸጌ ላይ ጫንነው፤ ጥሩወርቅ በእልልታ ወጥታ በቦታዋ ተቀመጠች። አያ ቢተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ ነው እንጂ» አሉ። ሆን ብዬ ነዳጁን ረገጥ አደረግሁና ትንሽ አቧራ ወደ ጎረቤቱ ሰደድኩላቸው። መረቁኝ።

ከቀዬው ወጥተን ጉብታውን እስክንዞር ሁሉም ሸጋ ነበር። ጥሩወርቅ በስተጎኔ ናት፣ ሚዜዎቹ ከኋላ ይዘፍናሉ። ከጉብታው ወዲያ ቦይ አለ። ለቦዩ ስል ፍጥነቴን ቀነስኩ፤ ሞተሩ አንድ ጊዜ አሳለና ቀጥ አለ። ጸጥታ። ሚዜዎቹ ሊገፉ ወረዱ፣ ገፏት፤ ያለ ባትሪ እንደማትነሣ እኔ አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ሸጌ ስትደርስ ባትሪውን አወረድን፣ ጥሩወርቅ ወርዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ባትሪው ቦታውን ያዘ፣ መኪናዋ ተነሣች። ባትሪው ወረደ፣ ጥሩወርቅ ገባች። የሚቀጥለው ቦይ ላይ ደግሞ ቆመች።

ጥሩወርቅ በዚህን ጊዜ የሙሽራ ቬሏን ገለጠች። የሠርግ ዕለት ሙሽራ አትናገርም፤ እሷ ግን ተናገረች። «አያ ደሱ፣ ሸጌን ያቅርቡልኝ» አለች። ወጣችና በባትሪው ፈንታ ኮርቻው ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። ባትሪውን እኔ ጎን መልሰን አሰርነው። እንግዲህ እንዲህ ሆነ፦ ሙሽራዬ ከአባቷ ደጅ በመኪና ወጥታ በበቅሎ ሄደች፤ ባትሪው በበቅሎ ወጥቶ በመኪና ሄደ።

በበቅሎ እርምጃ ጎን ለጎን እንነዳለን። እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች፤ አንገቴን አቅንቼ ነው የማያት። ጥቂት እንደሄድን «አያ ደሱ» አለች።

«አቤት ልጄ።»

«የከብት አመል ሳይነገር የተሸጠ እንደሆነ ሕጉ ምንድን ነው?»

አያ ደሱ በቅሎዋን እየመሩ ሳያስቡ መለሱ። «ይመለሳል።»

«የዚህን ሰው አመል» አለች ወደ እኔ በአገጯ እያሳየች፣ «ሽማግሎቹ ለአባቴ ሲነግሩ የሰማ አለ?»

አያ ደሱ ቆሙ። ሸጌ ቆመች። እንቁራሪቷ እንኳ ልትጠፋ ምንም አልቀራት። አያ ደሱ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ጨዋውን ባትሪ አዩ፣ ከዚያ መሬቱን አዩ። ሽማግሌ ናቸው፣ መዋሸት አይሆንላቸውም። «አልተነገረም» አሉ በቀስታ። «እውነት ነው፣ አልጠየቁንም፣ እኛም አልነገርንም።»

ብልባላ ከኋላችን ገና ቅርብ ነው። የጉብታው ዛፍ ይታያል። ባለ በቅሎው ጠያቂም እዚያው ሠርጉ ላይ ጠላ ይጠጣል። እሷ ልጓሙን ሰብሰብ አድርጋ ያዘች፤ ልብ በሉ፣ ልጓሙን ወደ የትኛው ወገን እንደምታዞረው አላውቅም ነበር።

«እስቲ ንገረኝ» አለች። «ለባትሪ የምታውቀውን ያህል ለራስህ ካወቅህ።»

ጀመርኩ። እንደማንኮራፋ ነገርኳት። ሻይ በስኳር ላይ ስኳር እንደምጠጣ ነገርኳት። ስቆጣ ሳይንስ እንደማወራ፣ ስፈራም እንደማወራ፣ የሠራሁትን ስህተት በሲባጎና በሰው እንደማሳብብ፣ ከዘመድ ጋር እምቢ ማለት እንደማልችል ነገርኳት። «ይህን አይቻለሁ» አለች። አያ ደሱ ከፊት እየመሩ በየመካከሉ «ይራገጣል?» «ይነክሳል?» እያሉ ይጠይቁልኛል፤ ዋሴ ናቸውና ነገሩ ተጣርቶ እንዲያልቅ ይፈልጋሉ። ልጓሙ ሲላላ አየሁ። ሸጌ ወደ ላሊበላ መራመድ ጀመረች።

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲሰማ፣ ከተማው ሲታየን፣ እኔ ገና ከአመሌ ግማሹ ላይ ነበርኩ።